ብርቅዬው በሽታ

«እማ፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? ይኼ ክኒን ለምን አልጎደለም?»

ሳሌሃ እሽጉን እናቷ አፍንጫ ሥር አንቀጫቀጨችው። በአንድ ወር ውስጥ የተዋጠው ስድስት ብቻ ነው።

እናቷ ፈቲሀ ከቆሼ ገበያ የመጣላትን በርበሬ እየቀነጠሰች ቀና እንኳ አላለችም። «ሰውነቴን ያነደኛል። ደግሞስ የዳነ ሰው መድኃኒት ይውጣል እንዴ? አለቀ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ለወትሮው የሳሌሃ ምላስ ከበርበሬው ይብስ ነበር፤ አሁን ግን እሽጉን መልሳ አስቀመጠችው።

ፈቲሀ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች በኋላ ውጤት ሊሰሙ የሄዱት አብረው ነው። የእናቷ አማርኛ ከገበያ አያልፍምና በቋንቋቸው በመስቃንኛ የምታስተረጉምላት ሳሌሃ ነበረች።

«ብርቅዬ ዓይነት የጡት ካንሰር ነው» አሉ ዶክተር ሸዋንግዛው። «ከመቶ ታማሚ በሁለት ሦስቱ ላይ ቢገኝ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ተስፋው ጥሩ ነው። ግን ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክኒኑ ቢያንስ ለአምስት ዓመት አይቋረጥም። ክትትሉ ከዚያም ይረዝማል።»

ፈቲሀ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ለቀም አደረገች። «ብርቅ አለ? ብርቅማ ጥሩ ነገር አይደል!» ብላ በስንት ወሯ ከት ብላ ሳቀች።

ያንን ሳቅ ማን ደፍሮ ያጠፋዋል? «አዎ እማ፣ ጥሩው ዓይነት ነው። አልቋል» አለች ሳሌሃ። አምስቱን ዓመት ዋጠችው፤ ክኒኑን ግን በየቀኑ እንድትውጥ ነገረቻት።

ከዚያ ወዲህ ፈቲሀ ለጎረቤት ሁሉ «የኔ እንደ ዋልያ ብርቅዬ ነው!» እያለች ታወራለች።

«ነገ ቀጠሮሽ ነው» አለች ሳሌሃ ቀስ ብላ።

«የምን ቀጠሮ? ነገ ቆሼ ነኝ። በርበሬው ሳይወደድ ልሸምት እንጂ!»

ሳሌሃ የበርበሬውን ሳፋ ገፋ አድርጋ እፊቷ ቁጭ አለች። እናቷ ቆጣ ብላ አየቻት።

«እማ፣ ዶክተሩ አለቀ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

የፈቲሀ እጅ ቆመ። ከግቢው ውጪ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ።

«ዋሽተሽኛል?»

«ስትስቂ ጊዜ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «አዎ። ዋሽቻለሁ።»

ፈቲሀ በርበሬ የነካውን እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። «በይ፣ ሰውየው ያለውን አሁን ንገሪኝ» አለች በመስቃንኛ። «አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።»

«ሊመለስ ይችላል አለ» አለች ሳሌሃ። አላቆመችም፤ የአምስቱን ዓመት ክኒንም ነገረቻት።