የጀማሪው ጠርሙስ

ሟቹ በቢራ ፋብሪካው የመቅመሻ ክፍል ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ ባዶ ብርጭቆ እንደጨበጠ ነው፤ ግራው ማስታወሻ ደብተሩን ተጭኖ ቀርቷል። በሕይወት ሳለ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ምላሱ» ነበር የሚሉት። በከተማው ያሉ ትናንሽ ቢራ ጠማቂዎች አዲስ ጠመቃ ባወጡ ቁጥር እሱ ሳይቀምሰው ለሰው አያቀርቡም ነበር። «ይጠጣል» ካለ ይጠጣል፤ «ይደፋ» ካለ ይደፋል። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል የሚለው ተረት ለእሱ የተነገረ ይመስል ነበር።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ብርጭቆውን አሸተተችና ወዲያው ፊቷን መለሰች። ነጭ ጋዝና የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል።

«የነቀዝ መድኃኒት ነው» አለ ሐኪሙ። «ብቅል መጋዘን ውስጥ የሚረጩት። አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ነው የጠጣው።»

«ይህ ሁሉ ሽታ እያለው?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

መርማሪዋ ቢራ አትጠጣም። ቢራ ጠጥተው የሚሰክሩትን ትታገሣለች፤ ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥተው ግማሽ ሰዓት የሚፈላሰፉትን ግን አንጀቷ አይቀበላቸውም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከእነሱ ጋር ልትውል ነው። የጠርሙሱን ቆርኪ ከወለሉ አንሥታ፣ ደብተሩንም ከሟቹ መዳፍ ሥር ስባ ወጣች።

የፋብሪካው ባለቤት ዋናው አዳራሽ ውስጥ፣ ከቁመቱ እጥፍ በሚረዝሙ ሦስት የብረት ታንከሮች መካከል ቆሞ ጠበቃት። ጠማቂው ራሱ ነው፤ ሻጩም ራሱ ነው።

«እህቴ፣ ድካምሽን ልቀንስልሽ» አላት። «የገደለው ያ ልብስ ሰፊ ነው። ቢራ መጥመቅ ከጀመረ ሦስት ወር አልሞላውም። ወጥ ቤቱ ውስጥ በባልዲ ያፈላውን ጭቃ በአምስት ጠርሙስ ሞልቶ፣ ይቀመስልኝ ብሎ ትናንት ትቶት ሄደ።»

«በምን ቂም?»

«ባለፈው ወር የመጀመሪያውን አምጥቶ ነበር። ምላሱ ጫማው ላይ ደፋበት። እኛም ሳቅን። ምን እናድርግ፣ ያስቃል እኮ!»

«ጠርሙሶቹ የት አደሩ?»

«እዚሁ። ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም። ማታ የዘጋሁት እኔ፣ ጠዋት የከፈትኩት እኔ። ሌላ ሰው አልነካቸውም።»

«ሟቹ እውነት እንደሚወራለት ነበር?»

ጠማቂው ወደ ታንከሮቹ ዞረ። «እንደሱ ያለ ምላስ አልተፈጠረም።»

ዓይኑን ተከትላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አነበበች። ከሦስቱ ታንከሮች ሁለቱ ለጥገና ከተፈቱ ሁለተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ጠማቂው ምን እንደምታይ ለመጠየቅ እንኳ አልደከመም። ሴትዮዋ ስለ ታንከር ምን ታውቃለች?

የሟቹ ሚስት ቢሮው ውስጥ ነበረች። አላለቀሰችም፤ ያለቀሰች ለመምሰልም አልሞከረች።

«ሌላውን ሲንቅ ሰው ሁሉ ያየው ነበር፤ እኔን ሲንቅ የሚያይ አልነበረም» አለች። «አሥራ አራት ዓመት ያበሰልኩትን አንድ ጊዜ አመስግኖ አያውቅም። ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ዝም አለ።»

«ምን ተገኘና?»

«እንጃ። ከባድ ጉንፋን ይዞት ከረመ፤ ሲነሣ አመሉ ተለወጠ። አንድ ቀን ሾርባ ጥጄ ወጣሁ፣ አረረ። ጎረቤት ሸትቶት በር ሲደበድብ እሱ ድስቱ አጠገብ ጋዜጣ ያነባል። ያንኑ ያረረ ሾርባ አቀረብኩለት፤ ጥርግ አድርጎ በላ። እግዜር ልቡን መለሰልኝ አልኩ።» ፈገግ አለች፤ ደስ የሚል ፈገግታ ግን አልነበረም። «ቢራ ላይ ግን ባሰበት። እዚህ ያለው ጠማቂ ስድስት ዓመት የለፋበትን ቢራ በእንግዶች ፊት 'የእግር እጣቢ' ብሎ በርሜሉን ሁሉ አስደፋው። ያን ዕለት እኔ ነበርኩ ያፈርኩት።»

ልብስ ሰፊው ኮሪደር ላይ፣ ማንም ሳይጠብቀው ቁጭ ብሏል። ጠባቂ እንኳ አላሰቡለትም።

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም» አላት።

«ጫማህ ላይ ደፍቶብህ ለምን ተመለስክ?»

«ምን ላድርግ? አንድ ደንበኛዬ በፊት ያቀመሰኝ ቢራ ነው ያስጀመረኝ። ቡና ቡና የሚል ቢራ እንዳለ፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚል እንዳለ መቼ አውቄ! ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በየጠማቂው ደጅ እዞራለሁ። ይሰድቡኛል። ግን በስድቡ መሃል አንድ ነገር ያመልጣቸዋል፤ እርሾው ሞቆት ነው፣ ባልዲህ አልጠራም ይላሉ። እሷን ይዤ እገባለሁ።»

መርማሪዋ ከቀሩት አራት ጠርሙሶች አንዱን አሳየችው። «ቆርኪውን በምንድን ነው የምትገጥመው?»

«በእጅ መግጠሚያ። አሮጌ ነው፤ መሃሉን ጎድጎድ ያደርግብኛል። አልተሳካልኝም እንጂ ደልዳላ ባደርገው ደስ ይለኝ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጠማቂው እጁን አጣምሮ፣ ሚስቲቱ ወንበር ላይ፣ ልብስ ሰፊው በሩ አጠገብ።

«ከሽታው ልጀምር» አለች። «ምላስና አፍንጫ ያለው ሰው ያንን መርዝ በመጀመሪያው ጉንጭ ይተፋዋል። ሟቹ ብርጭቆውን ጨረሰው። ያረረ ሾርባም ይጨርስ ነበር። ጉንፋኑ ማሽተቱንም መቅመሱንም ይዞበት ሄዷል። ሲፈርድባችሁ የከረመው ምንም ሳይቀምስ ነው።»

ሚስቲቱ ወንበሯ ላይ ቀና አለች።

«መርዙን በቢራ የሰጠው ሰው ይህንን ያውቅ ነበር። ልብስ ሰፊው አያውቅም፤ ቢያውቅ ይቀመስልኝ ብሎ አይለምንም ነበር። ሚስቱም 'ልቡ ተመለሰ' ብላ ነው ያሰበችው። የቀረኸው አንተ ነህ።»

ጠማቂው ሳቀ። «በምን አውቄ?»

«ፈትነኸው።» ደብተሩን ገለጠች። «የዛሬ ሦስት ሳምንት የአንተን ቢራ በሦስት ብርጭቆ ቀምሷል። አንዱ 'ማር ማር ይላል'፣ ሁለተኛው 'እርጥብ ጭድ'፣ ሦስተኛው 'ዝገት'። ያን ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ታንከሮችህ ተፈትተው ነበር። የምትቀዳው ከአንዱ ብቻ ነው። ሦስቱም ብርጭቆ አንድ ቢራ ነበር።»

ጠማቂው እጁን ፈታ።

«ሌላም አለ። የልብስ ሰፊው ቆርኪዎች መሃላቸው ጎድጓዳ ነው። ከሟቹ እግር ሥር ያገኘሁት ደልዳላ ነው፤ እንደ ፋብሪካህ ቆርኪዎች። አንድ ሰው ጠርሙሱን ከፍቶ፣ መርዙን ጨምሮ፣ በፋብሪካህ የቆርኪ ማሽን መልሶ ዘግቶታል። ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም ያልከኝ ደግሞ አንተው ነህ።»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

«በሞተ ምላስ ስድስት ዓመቴን ደፋው» አለ ጠማቂው ቀስ ብሎ። «ማር ማር ይላል እያለ ሲጽፍ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። ስለ እሱ የሚያዝን አለ? አንዳችሁ?»

ዞር ብሎ አየ፤ የሚያዝን አልነበረም።

«ይሁን» አለች መርማሪዋ። «ይህ ልብስ ሰፊ ግን ምን አደረገህ?»

ጠማቂው ሰውዬውን ገና አሁን ያየው ይመስል ተመለከተው። «ምንም» አለ። «አላሰብኩትም።»

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ በቂም የገደለ፣ በቅናት የገደለ። ሰውን ለእስር ሲያጭ ግን ሰው መሆኑን የዘነጋ አልገጠማትም። ከደጅ ለቆሙት ፖሊሶች ምልክት ሰጠች። ፖሊሶቹ ወሰዱት።

ሐኪሙ ከቀሩት አራት ጠርሙሶች አንዱን ከፍቶ መረመረና፣ የሦስቱ ቆርኪ እንዳልተነካ አይቶ ለልብስ ሰፊው መለሰለት። ልብስ ሰፊው ሦስቱንም ቦርሳው ውስጥ ሲከት ሚስቲቱ አጠገቡ መጣች።

«አንዱን ክፈትልኝ።»

«አይፈሩም እትዬ?»

«አሥራ አራት ዓመት ጥሩውንና መጥፎውን እሱ እየነገረኝ ጠጣሁ። እስቲ ዛሬ ራሴ ልቅመሰው።»

ከፈተላት። አረፋው ገንፍሎ እጇን አራሰው። አንድ ጉንጭ ወሰደች፣ አፏ ውስጥ አቆየችው፣ ግንባሯን ቋጠረች።

«መጥፎ ነው» አለች።

ልብስ ሰፊው አልተከፋም። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ወንበር ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን ምን ይላል?» አላት።