የገዛ እጅ ዋጋ

ሬሳው ከተነሣ ብዙም አልቆየም። በመጋዘኑ መጨረሻ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል፣ ቆርቆሮ ሊሸከም የተሠራው ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ክፈፍ መሬት ላይ ተንጋሎ ወድቋል። ከሥሩ መሰላል ተሰብሯል፤ አጠገቡ አንድ የሰው ጫማ ብቻውን ቀርቷል። የኢንሹራንስ ገማቿ ጫማውን ስታይ ዓይኗን መለሰች። በዚህ ሥራ ስትኖር የተቃጠለ ፋብሪካና ጎርፍ የወሰደው ወፍጮ ቤት ገምታለች፤ አብራው ምሳ የበላችው ሰው የሞተበትን ስፍራ ልታይ ስትመጣ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እንክርዳዱን ስለምታስቀር ነው። ዛሬ ጠዋት አለቃዋ የደወለላት ግን ሊያሞግሳት አልነበረም። ያ ያደነቀችው መጋዘን በባለቤቱ ላይ መውደቁን፣ የአሠራር ጉድለት ከተገኘ ውሉ እንደሚፈርስና የግንባታ ቁጥጥርም መጋዘኑን ከነምሰሶው እንደሚያስነቅለው ነግሯት ስልኩን ዘጋ።

በሩ ላይ የጠበቃት ኢንስፔክተር ጨዋ ሰው ነው፤ ችግሩ መቸኮሉ ነው።

«አደጋ ነው» አላት። «ሟቹ ክፈፉን ትናንት አመሻሽ ላይ አቁሞ በአንድ ጊዜያዊ ድጋፍ አስሮት አደረ። ጠዋት ብሎኑን ሊያጠብቅ መሰላል ሲያስደግፍ የድጋፉ ምስማር ተነቀለ። ሾፌር አናጢ ልሁን ሲል እንዲህ ነው።»

የሟች ሚስት ይህን ስትሰማ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥታ መጣችና የገማቿን እጅጌ ያዘች። «እትዬ፣ ሊያፈርሱት ነው ይላሉ። እባክዎ እንዳያስፈርሱብኝ» አለቻት። ወንፊት ተገረመች፤ ይህቺ ሴት መጋዘኑን ምን ያህል ትጠላው እንደነበር በዓይኗ አይታለችና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሟቹ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ነጂ ነው። ለድርቆሽና ለእርሻ መሣሪያ የሚሆን መጋዘን አማረውና ጉድጓዱን ራሱ ቆፍሮ፣ ምሰሶውን ራሱ ተክሎ፣ እያንዳንዱን ክፈፍ መሬት ላይ ገጥሞ በሰንሰለት ማንሻ ብቻውን ሰቀለ። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ኢንሹራንስ ሊያስገባው ፈለገና ወንፊት ለግምት መጣች። ያወጣውን ሲነግራት የእንጨቱን፣ የቆርቆሮውን፣ የሲሚንቶውንና የብሎኑን ብቻ ጠራ። «የገዛ ልፋቴማ ምን ዋጋ አለው? ከኪሴ አልወጣ» ብሎም ሳቀ።

እሷ ግን ምሳ ላይ አስረዳችው። ኢንሹራንስ የሚጠይቀው ባለቤቱ ስንት እንዳወጣ አይደለም፤ መጋዘኑ ነገ ቢቃጠል በሌላ ሰው እጅ መልሶ ለማቆም ስንት እንደሚፈጅ ነው። ስለዚህ የሱም ጉልበት እንደ ቅጥር ባለሙያ ጉልበት ይታሰባል። ይህን ብላ ድምሩን ስትናገር ሰውዬው እጁን አገላብጦ አየው፤ ያንን ሁሉ የሠራው የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

ማዕዱ ላይ ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ስመ ጥር ኮንትራክተር ነው፤ ለሱ መጋዘን እንኳ ያን ያህል እንዳልተገመተለት ተናግሮ በግድ ሳቀ። ሚስትየው «ጣውንቴን በወርቅ መዘኑልኝ እንግዲህ» ብላ ሳህኑን አነሣች። ሦስተኛው ለሟቹ መዶሻ አያያዝ ያስተማሩት ሽማግሌ አናጢ ናቸው፤ ከእጃቸው የሚወጣ ሁሉ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ገመድ ቀጥ ያለ ስለሆነ አገሩ «ጋሽ ቱምቢ» ይላቸዋል። «ተማሪዬ ነው» አሉና ብርጭቆውን ሳይቀምሱት አስቀምጠው ወጡ። ወንፊትም ብትሆን ከቅናት አልዳነችም። ዕድሜዋን የሰው ቤት ስትገምት ኖራ ማታ የምትገባው ኪራይ ቤት ነው፤ ያን ቀን ሰውዬው የገዛ ምሰሶውን እንደ ልጅ ጀርባ መታ መታ ሲያደርግ ስታይ ግምቷን ወደጻፈችበት ወረቀት አቀረቀረች።

አሁን ከነዚሁ ከሦስቱ ጋር ተራ በተራ ተቀመጠች።

ሚስትየውን ያገኘቻት ወጥ ቤት ነው። አንድም ነገር አልደበቀችም። ባሏ ቁርስ እየበላ እንኳ ዓይኑ በመስኮት ወደ መጋዘኑ እንደነበር፣ አንድ ቀን ብስጭት ብሏት ክብሪት ይዛ እስከ በሩ ሄዳ እንደተመለሰች ነገረቻት።

«ታዲያ ዛሬ እንዴት ይቁም አልሽ?» አለቻት ወንፊት።

«ከኔ ጋር ያላሳለፈው ጊዜ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ካፈረሱት ምን ይቀረኛል?»

ወንድምየው አዲሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ታናሹን በየደረሰበት «ወፍ ዘራሽ ግንበኛ» እያለ ሲያላግጥበት እንደኖረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም አልካደም።

«አዎ፣ እቀናበት ነበር» አለ። «እኔ ቢሮ ተቀምጬ ሌላው ይሠራልኛል፤ መዶሻ በእጄ ይዤ አላውቅም። እሱ በገዛ እጁ አቆመ። አባታችን ቢኖር በማን ይኮራ ነበር ብለው ያስባሉ?»

ወንፊት፣ ኢንስፔክተሩን «የራሱ ግድየለሽነት ነው ብለህ ጻፍልን» እያለ ሲለማመጥ የዋለው ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ኮንትራክተሩ ግንባሩን ጠረገ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። ለሾፌር የግንባታ ፈቃድ አይሰጥም። ኃላፊ ባለሙያ ሆኖ የፈረመው እሱ ነው፤ ሥራው ደካማ ነው ከተባለ የሱም ፈቃድ አብሮ ይሄዳል። በአደባባይ ሲሰድበው የኖረውን ሰው በጓሮ በኩል ፈርሞለታል ማለት ነው። ሰው እንዲህም ይቀናል፤ ዓይኑ እየቀላ እጁ ይረዳል።

ጋሽ ቱምቢ የተረፈ እንጨት ክምር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ደም መስሏል። ጠዋት ሟቹን ሰላም ሊሉ ጎራ ብለው ሬሳውን ያገኙት፣ ጮኸው ሰው የሰበሰቡትም እሳቸው ናቸው።

«ምን ላድርግ እህቴ» አሉ። «ይህ ድጋፍ አይችልልህም ብዬው ነበር። ደግሞ ከገመታችሁለት ወዲህ ማን ይናገረዋል? ሙያ በአንድ ክረምት አይገኝም።»

ወንፊት አጽናንታቸው ተነሣች። «ከገመታችሁለት ወዲህ» የምትለዋ ቃል ግን አብራት ተነሣች።

ከዚያ ሌላ መሰላል አስመጣች። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን እያየ ያዘላት። የአደጋው መንሥኤ ነው የተባለው ድጋፍ ረዥም ጠርብ እንጨት ነው። የታች ጫፉ ቆሞ በቀረው ምሰሶ ላይ እንደተመታ ነው፤ የላይ ጫፉ፣ ክፈፉን ይዞ የነበረው፣ ምስማሮቹን እንዳንጠለጠለ አየር ላይ ቀርቷል። ምስማሮቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። የታችኛውን ጫፍ ከጎን አየችው፤ ጠርቡ ላይ መዶሻ የተወውን ክብ ጠባሳና መካከሉ ያለውን ባዶ ቀዳዳ ነካካችው። ከዚያ ወርዳ ሟቹ ገና ያላነሣቸውን ሌሎች ጊዜያዊ ድጋፎች አንድ በአንድ እየዞረች ተመለከተች። በየድጋፉ የምስማሩ ራስ እንጨቱ ውስጥ ሰጥሟል። ቀደም ብሎ ድጋፍ በተነሣባቸው ምሰሶዎች ላይ ደግሞ ሰውዬው የሰጠመውን ምስማር በመንቀያ ሲፈለፍል እንጨቱን ቦጫጭቆታል። ስትጨርስ ሁሉንም ወደ መጋዘኑ እንዲጠራላት ኢንስፔክተሩን ጠየቀችው።

ሦስቱም በወደቀው ክፈፍ ዙሪያ ቆሙ።

«ይህ አደጋ አይደለም» ብላ ጀመረች። «እነዚህን የላይኞቹን ምስማሮች እዩአቸው። ይህን የሚያህል ክፈፍ በክብደቱ የነቀለው ምስማር ይጣመማል። እነዚህ ቀጥ ያሉ ናቸው። በመንቀያ ቀስ ተብለው ነው የወጡት።»

ኢንስፔክተሩ ጠጋ ብሎ አየ፤ ሰዓቱን ማየትም ተወ።

«የታች ጫፉን ደግሞ እዩት። አሁን ከያዘው ምስማር ጎን ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያውን የመዶሻ ጠባሳ አለበት። ሟቹ መጀመሪያ የመታው እዚያ ነው። ስለዚህ ድጋፉ ከታችም ከላይም ተነቅሎ እንደገና ተመቷል። ክፈፉ ከወደቀ በኋላ ነው የተመታው፤ ክፈፉ ቆሞ ሳለ እንዲይዘው ቢመታማ ከላይም በተመታ ነበር። ገዳዩ ምስማሩን ሁሉ አውጥቶ ድጋፉን እንዲያው በቦታው አስደግፎ ተወው። ሟቹ ጠዋት ሲያየው ደህና መሰለው፤ መሰላሉ ነካ ሲያደርገው ክፈፉ መጣበት።»

ሚስትየው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ሰውዬው ከሞተለት መልሶ መምታቱ ምን ጠቀመው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ድጋፉ መሬት ወድቆ ቢገኝ ምን ትሉ ነበር? ሰውዬው ራሱ አንሥቶት ረስቷል፣ ግድየለሽ ነው ትላላችሁ፤ መጋዘኑን ግን ማንም አይወቅሰውም። ተመትቶ ሲገኝስ? ድጋፉ ነበረ፣ ነገር ግን ሥራው ደካማ ስለሆነ አልቻለም አላችሁ። ገዳዩ የፈለገው ይህንን ነው። ሰውዬው መሞቱ አልበቃውም፤ ሥራውም መዋረድ ነበረበት።»

ወደ ሚስትየው ዞረች። «ይህቺ ሴት መጋዘኑ እንዳይፈርስ ስትለምን ነው የዋለችው። ሥራውን ብታዋርድ የምታጣው እሱኑ ነው።» ወደ ወንድምየውም ተመለከተች። «ኮንትራክተሩ ለዚህ ሥራ በስሙ ፈርሟል። ሥራው ደካማ ከተባለ እንጀራው ይቆረጣል፤ ለዚህ ነው ግድየለሽነት በሉልኝ እያለ የለመነው። እሱ ቢሆን ድጋፉን መሬት ላይ ይተወው ነበር።»

አሁን ማንም ማንንም አላየም። ወንፊት ድጋፉ አጠገብ ሄዳ ጣቷን ከምስማሩ ራስ ሥር አስገባች።

«ይህ ምስማር አንገቱን አውጥቷል፤ ሟቹ የመታቸው ግን ሁሉም ሰጥመዋል። ጊዜያዊ ምስማር ነገ ስለሚነቀል ራሱ ከፍ ብሎ እንደሚተው ማንም አልነገረውም፤ ባወጣ ቁጥር እንጨቱን ሲቦጫጭቅ ኖሯል። ይህን የመታው እጅ ግን ዕድሜ ልኩን ሲሠራ የኖረ እጅ ነው። ተቻኩሎም፣ ሬሳ አጠገብ ቆሞም፣ እንደ ልማዱ መታ።»

ኮንትራክተሩ መዶሻ ይዞ እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃል። ዓይኖች ሁሉ አንድ ቦታ አረፉ።

ጋሽ ቱምቢ አልካዱም።

«ሁሉን አስተማርኩት» አሉ ምስማሩን እያዩ። «ይቺን ብቻ ለራሴ አስቀረሁ። እንጨቱን ሲቦጫጭቅ እያየሁ፣ አሁንም አልደረሰብኝም እያልኩ እጽናና ነበር።»

«ለዚህ ሰው ይገደላል?» አለ ወንድምየው።

«አንተ ምን ታውቃለህ? በዚህ አገር እኔ ያላቆምኩት ጣሪያ የለም። የቀን ሂሳቤን ሰጥተው ያሰናብቱኛል እንጂ አንድም ሰው የእጄን ዋጋ በማዕድ ላይ ጠርቶልኝ አያውቅም። እሱ ትናንት መሪ ለቆ መጥቶ በአንድ መጋዘን ያን ሁሉ ተባለለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ክፈፉ ሲወርድበት አይቼዋለሁ፤ ያኔም አልበረደልኝም።»

ኢንስፔክተሩ ቀርቦ ክንዳቸውን ያዘ። ሚስትየው ግን ሰውዬውን አላየችም፤ ዓይኗ ገማቿ ላይ ነበር።

«ታዲያ መጋዘኑ?» አለች።

«ሥራው ጉድለት የለበትም። ይቆማል፤ ግምቱም እንደነበረ ነው» አለቻት። ሚስትየው አጠገቧ ያለውን ምሰሶ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ሬሳው ሲወጣ ያላወጣችውን ለቅሶ አለቀሰች። ወንድምየው አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

ኢንስፔክተሩ ሽማግሌውን ይዞ ወደ በሩ ሲያመራ ወንፊት ተከተለቻቸው። ዝም ብትል ይሻል እንደነበር ኋላ ብዙ ጊዜ አስባበታለች፤ ያን ጊዜ ግን ሽማግሌውም ሟቹም አሳዝነዋት ነበር።

«ጋሽ ቱምቢ፣ ባለቤት ራሱ የሠራውን ቤት ስንገምት የሱን ጉልበት በራሱ አንተምነውም። ያንን ሥራ በዚያው ጥራት ሊሠራ የሚችል ቅጥር ባለሙያ ፈልገን በዚያ ሰው ክፍያ ነው የምናሰላው። የሟቹን አጋጠም ሳየው ከተራ አናጢ የሚመጣ አልነበረም። በአካባቢው ማን ይህን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁ። የጠየቅኳቸው ሁሉ አንድ ስም ነው የነገሩኝ።»

ሽማግሌው ቆሙ።

«ያን ቀን ማዕድ ላይ የጠራሁት የእርስዎን እጅ ዋጋ ነው» አለቻቸው።

ጋሽ ቱምቢ ያልተያዘውን እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያም በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ኢንስፔክተሩ ብቻውን ሊያነሣቸው አልቻለም፤ ወንድምየው መጥቶ በሌላው ክንዳቸው አገዘው።