የታኬታ ዱካ

ኳሱ በኖኖካ እግሮች መሀል ሾልኮ አጥሩ ድረስ ተንከባለለ።

«ይቅርታ ሰንፓይ!» ብላ ጮኸች ኖኖካ፣ ኮፍያዋን አውልቃ እስከ ወገቧ እየታጠፈች።

«ይቅርታውን ለኳሱ ንገሪው» አለች ቺዙ። «እኔን ምን አደረግሽኝ? ቆመሽ ያስጠበቅሽው እሱን ነው።»

ሌሎቹ አራት የአንደኛ ዓመት ልጆች ሳቃቸውን በጓንታቸው ሸፈኑ። በክፍል የምትበልጥን ተጫዋች ሁሉ «ሰንፓይ» ብሎ አንቱ ማለት የትምህርት ቤቱ የሶፍትቦል ክለብ የመጀመሪያ ትምህርት ነበር። ኖኖካ እሱን በአንድ ቀን ነው የተማረችው። መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ግን ሁለት ወር ሙሉ እያሾፈባት ነው።

ቺዙ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሀል ያለው ቦታ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የእሷ ነው፤ ማንም ተከራክሯት አያውቅም። ሥራዋ የተመታውን ኳስ ይዞ፣ መቺዋ ሮጣ አንደኛ ቤዝ የተባለውን ምልክት ከመርገጧ በፊት ወደዚያ መወርወር ነው። አሰልጣኝ ሺማኑኪ «ትንንሾቹን ኳስ ላይ እንዴት እንደሚኬድ አንቺ አስተምሪልኝ» ሲሏት አንዴም አላቅማማችም። ዝናቡ ጋብ ባለበት በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ ገና እርጥበቱ ያልለቀቀውን መሬት በሰፊው የእንጨት ማለስለሻ ጎትታ እንደ ወረቀት አደረገችው። ከዚያም በዱላ ጫፍ አምስት ቦታ ከፋፈለችው። ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ መስመር።

«ነይ» አለቻት ኖኖካን። «ዱካሽን አንብቢ።»

ኖኖካ ጎንበስ አለች። የታኬታዋ ጥርሶች ሦስት አጫጭር እርምጃ ጽፈው፣ አራተኛው ላይ ሁለት ጥልቅ ጉድጓዶች ጎን ለጎን ቆፍረዋል።

«እዚህ ጋ… ተተክያለሁ።»

«እንደ መብራት ምሰሶ» አለች ቺዙ። ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ስሙኝ። ኳሱ ወደ እኛ እየመጣ ነው ብላችሁ አታስቡ። እናንተ ናችሁ የምትሄዱበት። ሲነጥር ለመያዝ የሚመች ሁለት ቦታ አለው፤ ገና ከመሬት ሲነሳ፣ ወይም ወጥቶ ወጥቶ ሊወርድ ሲል። መሀሉ ላይ ከተገናኛችሁ ጥርሳችሁን ቁጠሩ። የሚሄድ ሰው የቱን እንደሚፈልግ ይመርጣል። የቆመ ሰው ግን ኳሱ ይመርጥለታል።»

«በቀኝ ነው የምንገባው ሰንፓይ?» አለች አንዷ።

«ትንሽ በቀኝ ዞር ብላችሁ ግቡ። ያኔ ስትይዙት ሰውነታችሁ ራሱ ወደ አንደኛ ቤዝ እየሄደ ነው። ጓንቱን ደግሞ ከመሬት ወደ ላይ አንሱት፤ ከላይ እንደ ክዳን አትድፉት፣ ድስት አይደለም።»

ደጋግማ አንከባለለችላቸው። አስራ አንደኛው ኳስ ላይ ኖኖካ ሳትቆም ገባች፤ ኳሱ ጓንቷ ውስጥ ጠቅ አለ። እሷ ራሷ ደንግጣ ኳሱን እንደ እንቁላል አቅፋ ቆመች። ከኋላዋ የቀረው ዱካ ቀለል ያለ፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ አንድም ጉድጓድ የሌለው ነበር።

«አየሽ?» አለች ቺዙ። «ከእንግዲህ እኔን አትጠይቂ። መሬቱን ጠይቂ።»

ቀጥሎ የዋናው ቡድን ልምምድ ነበር። አሰልጣኙ እየመቱ ኳሱን ሲበትኑት ቺዙ ደስ ብሏት ተጫወተች። ወደ ግራዋ የመጣውን በሩጫ አፈሰችው። ወደ ቀኟ ርቆ የሄደውን ደግሞ ይዛ ከዚያው ከቆመችበት ወረወረችው፤ አንደኛ ቤዝ ላይ ያለው ጓንት እንደ ርችት ጮኸ። ክንዷ ይታወቃል። ከመስመር ውጭ የተደረደሩት ትንንሾች «ዋው!» አሉ።

እረፍት ላይ ጥላው ስር ቁጭ ብለው ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ ሲጠጡ፣ ኖኖካ ትንሽ ደብተር ይዛ ቀረበች።

«ቺዙ ሰንፓይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ወደ ቀኝዎ የመጣውን ኳስ… ለምን ቆመው ጠበቁት?»

የቡድኑ ኳስ ተቀባይና የቺዙ የልብ ጓደኛ የሆነችውን ዩራን ሻዩ ትን አላት። «ምን? ምን አልሽ አንቺ? ትናንት ጫማ ማሰር የተማርሽ ልጅ ዛሬ ቺዙን ልታርሚ? በይ ተነሽ፣ ሜዳውን አስር ዙር!»

«ተያት ዩራ» አለች ቺዙ። ፊቷ ግን ሞቋት ነበር። «አልጠበቅኩም። ኳሱ እንዴት እንደሚነጥር እያነበብኩ ነበር።»

እንዴት ፈጥኖ ከአፏ እንደወጣ ራሷም ገረማት።

«አሃ!» አለች ኖኖካ። ዓይኗ በራ። «ይቅርታ፣ አልገባኝም ነበር!» ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እየተናገረች ጻፈች። «ወደ ቀኝ ሲመጣ… መቆምና… ማንበብ።»

ቺዙ እርሳሱ ሲሄድ አየች። አንድ ነገር ልትል ፈለገች፤ አሰልጣኙ ፊሽካ ነፉ።

ልምምዱ ሲያበቃ ሁሉም የቆመበትን ቦታ በራሱ እጅ ያለሰልሳል። ደንቡ ነው፤ ትልቅ ትንሽ የለም። ፀሐይዋ ወደ አካጊ ተራራ አዘንብላ የሁሉንም ጥላ አርዝማዋለች። ቺዙ ማለስለሻዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ እያፏጨች ቦታዋ ደረሰች። ሌላ ቀን ቢሆን ቀና ብላ ተራራውን እያየች ትጎትት ነበር። ዛሬ ግን ቀኑን ሙሉ «አንብቡ» ስትል ስለዋለች ዓይኗ ወደ ታች ሄደ።

በግራ በኩል ማጭድ፣ ማጭድ፣ ማጭድ።

በቀኝ በኩል ሁለት እርምጃ። ከዚያ ሁለት ጥልቅ ጉድጓድ፣ ጎን ለጎን።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። አምስት ጥንድ ነው። ወደ ቀኟ የተመታው ኳስም አምስት ነበር።

ምላሷ የከንፈሯን ውስጥ ነካች። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለች በዚያው በቀኟ በኩል ኳስ ዘልሎ የፈነከታት ቦታ ዛሬም ሻካራ ነው። ረስቼዋለሁ ብላ ነበር። እግሯ ግን አልረሳም። ሁለት ዓመት ሙሉ እየቆመች፣ የጠፋውን ጊዜ በክንዷ ስትከፍል ኖራለች።

ባለፈው መከርስ? ከወንዙ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ጋር፣ እዚሁ ሜዳ ላይ፣ በመጨረሻው ዙር ኳሱ የመጣው ወደ ቀኟ ነው። የእነሱ መቺዎች ለአንደኛ ቤዝ በሚቀርበው ጎን ቆመው፣ እየሮጡ ነው የሚመቱት። ሯጯ ኳሱን በግማሽ ጫማ ቀድማ አንደኛ ቤዝ ደረሰች፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። «ልጅቷ ነፋስ ናት፣ ምን ታደርጊያለሽ» አሏት ሁሉም። እሷም ነፋስ ናት ብላ ተኛች። የዚያን ቀን ዱካም ቢሆን ሳታየው ያለሰለሰችው ራሷ ናት።

የበጋው ውድድር ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የመጀመሪያው ጨዋታ ከእነዚሁ ነፋሶች ጋር ነው። ከተሸነፉ የሦስተኛ ዓመት ልጆች ያንኑ ቀን ማልያቸውን ያስረክባሉ፤ አለቀ።

«ቺዙ!» ዩራ ከሩቅ ተጣራች። «አቦ ጎትቺና እንሂድ! አይስክሬሙ ያልቃል!»

አንድ ጊዜ መጎተት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ቺዙ ማለስለሻውን አወረደች። የግራውን በኩል በደንብ አለሰለሰች። ቀኙ ጋ ስትደርስ እጀታውን መሬት ላይ ተከለችና ቆመች።

«ኖኖካ! ደብተርሽን ይዘሽ ነይ!»

ኖኖካ እየሮጠች መጣች። ልትቆጣኝ ነው ብላ ገና ሳትደርስ ኮፍያዋን አውልቃለች።

«አንብቢ» አለቻት ቺዙ።

«ሁለት እርምጃ… ከዚያ…» ኖኖካ ቀና ብላ ቺዙን አየቻት።

«ጨርሺው።»

«…ተተክሏል።» ድምጿ አይሰማም ነበር።

«የእኔ ነው። ማንበብ ምናምን ያልኩሽ ውሸት ነው። ሰርዢው።»

ኖኖካ ደብተሩን ገለጠች፤ ግን እርሳሱ አየር ላይ ቀረ። የሰንፓይን ቃል መሰረዝ የትኛውም ደንብ ውስጥ የለም።

«በደንብ ሰርዢው» አለች ቺዙ። «እንዳይነበብ።»

ዩራ ምን እንደተፈጠረ ለማየት መጥታ ከኋላቸው ቆማለች። ጉድጓዶቹን አየች፤ ቺዙን አየች። እሷም ማንበብ ታውቃለች።

«ያኔም?» አለች ቀስ ብላ። «መከር ላይ?»

«ያኔም።»

ዩራ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች። «እኔ ደግሞ ያቺን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ነፋስ እያልኩ ስፈራት! አንደኛ ቤዝ ላይ እቆማለሁ፣ ወርውሪልኝ። አይስክሬሙን ግን አንቺ ነሽ የምትገዢው።»

ቺዙ ሳቀች። ማለስለሻውን አንስታ በቀኝ በኩል ጎተተች፤ አምስቱም ጥንዶች ጠፉ። የኳስ ቅርጫቱን ኖኖካ ፊት አስቀመጠችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«ወደ ቀኜ አንከባልዪልኝ። ኃይል ጨምሪበት። ስቆም ካየሽ ጩኺብኝ።»

«ምን ብዬ ልጩህ ሰንፓይ?»

«ምሰሶ በይኝ።»

«እርስዎን?» ኖኖካ ዩራን በፍርሃት ዞር ብላ አየች።

«በያት» አለች ዩራ ከሩቅ። «እኔም አግዝሻለሁ።»

ቺዙ ጉልበቷን አጠፍ አደረገች። ምላሷ ወደ ከንፈሯ ሊሄድ ሲል ጥርሷን ገጠመች። ኖኖካ ክንዷን ወደ ኋላ ሳበች።

ኳሱ ከእጇ ወጥቶ መጀመሪያ መሬት ሲነካ፣ ቺዙ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነበረች።