የሙርቃን እሳት

ቀጥቃጩን ተግባሩን በአደባባይ የሰደቡት ቢትወደድ ጎርፉ ናቸው። ቀኑ የጎርመዝ ንጉሥ ዙፋን የወጡበት በዓል፣ ሰዓቱም ገና ጠጁ ሳይቀዳ ነበር። ይህ አይረሳም።

በዚያው ዕለት፣ ጎርመዝ ሰይፍ የምትገዛባቸው የባሕር ማዶ ነጋዴዎች ወደባቸውን ዘጉ የሚል ወሬ ደረሰ። ጠላት ደግሞ ክረምቱ እስኪወጣ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ንጉሡ ተነሥተው፣ «ከእንግዲህ ጎርመዝ ሰይፏን በገዛ እጇ ትሥራ! ቀጥቃጭ ሁሉ ይሰብሰብ፣ የሰይፍ ቤት ይቁም!» ብለው አወጁ።

ተግባሩ ከበር ሆኖ እጅ ነሣ። «ጃንሆይ፣ የእኛ ከሰል ለሰይፍ አይበቃም። የሙርቃንን ተራራ እሳት አመጣለሁ።»

ቢትወደድ ሳቁ። «ይሄ? እንኳን ሰይፍ፣ ማረሻ ቢሠራ በሬው ያፍርበታል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ተግባሩ መሬት ነክቶ፣ «እሳቱን ሳልይዝ ብመለስ ብረት ይክዳኝ!» ብሎ ማለ።

እህቱ የውብዳር ወናፏን ተሸክማ ተከተለችው። በቀጥቃጮች ወግ ወንድም ይቀጠቅጣል፣ እህት ታናፋለች። የሙርቃን እሳት ደግሞ እንደ ቤት እሳት በአመድ ተዳፍኖ አያድርም፤ ትንፋሽ ለአፍታ ከተለየው ይሞታል።

በተራራው አናት እሳቱን የሚጠብቅ ክንፋም ዘንዶ ወረደባቸው። ተግባሩ በመዶሻው ግንባሩን ፈልጦ ጣለው፤ ፍሙንም በገል ዘገነ። ዘንዶው ግን ሲወድቅ ወናፉን በጥፍሩ ዘንጥሎት ኖሯል።

«በቃ፣ አለቀልን» አለ ተግባሩ።

«ገሉን ያዝ፤ በአፌ እነፋዋለሁ።»

«እብድ ነሽ እንዴ? ነበልባሉ ሳንባሽን ይበላዋል!»

«ሰይፍ የሌለው አገር እንደሆነ ሁላችንንም ያስበላናል። ዝም ብለህ ውረድ፣ ወንድምዬ!»

ወረዱ። እሷ ስትነፋ፣ ነበልባሉም ወደ ደረቷ ሲመለስ፣ መጀመሪያ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ቀጥሎ ድምፅዋ ጠፋ። እሳቱ ምድጃው ውስጥ ቦግ ሲል የውብዳር ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከዚያ አልተነሣችም።

እሳቱ አይጠብቅምና ተግባሩ እያለቀሰ ቀጠቀጠ። እንባው የጋለው ብረት ላይ እየወደቀ ቺስ ይላል። ከየአገሩ የመጡት ቀጥቃጮችም ከጎኑ ቆመው መቱ። ክረምቱ ሲወጣ፣ በዝርዋ ወንዝ መሻገሪያ የጠላት ሰይፍ በጎርመዝ ሰይፍ ላይ እንደ አገዳ ተሰበረ። ጎርመዝ ዳነች።

በድሉ ግብር ላይ ቢትወደድ ጎርፉ ካባ አንጠልጥለው ወደ ተግባሩ መጡ።

«እኔ ድሮም ብያለሁ፤ የአገር ብረትን የመሰለ የለም! እንግዲህ የሰይፍ ቤቱ አለቃ አንተ ነህ፤ በል ልበስ። ያቺ ወናፍ የምታናፋዋ እህትህስ? ምነው ለድግሱ ሳታመጣት ቀረህ?»

ተግባሩ ቀና ብሎ አያቸው። ካባውን ሳይነካ በሰዉ መሀል አልፎ ወጣ።