ትናንት የሚባለው ኮምፒውተር

ናጃህ የሳምቡሳውን ዘይት ከጣቶቿ ላይ እየላሰች ሳቀች። «በቃ፣ ስድስት ሰዓት አለፈ። ትናንትም ዋጠው።»

ፈትሂያ የያዘችውን ሳምቡሳ ወረቀቱ ላይ መለሰችው።

«ትናንት» ቡታጅራ ባለው ትምህርት ቤታቸው ዕቃ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ስሙን ያወጡለት የአይሲቲ አስተማሪያቸው መምህር ይትባረክ ናቸው። የተማሪ ውጤት የሚመዘገበው ቢሮ ባለው ዋናው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ትናንት ደግሞ የአንዱን ቀን ለውጥ በማግስቱ ይገለብጣል። ዋናው ቢበላሽ ወይም ሰው ቢሳሳት የቀድሞው እንዳይጠፋ ተብሎ ነው። የሚገለብጥበትን ሰዓት የሞላችው ፈትሂያ ራሷ ነበረች።

የአንድ ለአምስት ቡድናቸው መሪ ናጃህ ማክሰኞ ውጤት ለማስገባት ቢሮ ገብታ የክፍል ጓደኛቸውን የሳሌሃን የሒሳብ ውጤት ከዘጠና ስድስት ወደ ስልሳ ዘጠኝ አወረደችው። ወልቂጤ ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት የሚላከው አንደኛ የወጣ ብቻ ነው፤ አሁን አንደኛዋ ናጃህ ሆነች፤ ይህንንም ለፈትሂያ ብቻ ነገረቻት። የታረመው የፈተና ወረቀት ተወግዷል። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ሳሌሃ የተለጠፈውን ውጤት አይታ ስታለቅስ አቅፋ ያባበለቻት ናጃህ ነበረች። ፈትሂያን ከሁሉ በላይ ያስጠላት ያ እቅፍ ነው።

«ቲቸር እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይል የለ? እዚህ እያደር ይጠፋል» አለች ናጃህ። «ምን ይዘጋሻል? ማንም አይነቃብንም።»

አይነቃብንም። ያቺ «ብን» እንደ ሳምቡሳው ዘይት እጇ ላይ የተለጠፈች መሰላት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

መምህሩ ከስክሪኑ ላይ «ስድስት» ብለው ሲያነቡ ናጃህ ሰምታ ነበር። የኮምፒውተሩ ስድስት ግን የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት። ትናንት ገና አልዋጠም። ፈትሂያ ዝም ካለች ማታ ይውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሳሌሃ ዘጠና ስድስት የትም አይገኝም። ዝም ማለት ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ራሱ አስጠላት።

«ወዴት ነው?»

«እጄን ልታጠብ።»

ቧንቧው ጋ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ሽታው አልለቀቀም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራርጋ ወደ መምህራን ክፍል ሄደችና በሩን አንኳኳች።

«ቲቸር፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዘዋል? ትናንትን ሳይመሽ ማቆም አለብን።»