ደህና ነን በያት

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን በያት» አለች ዓሊማ ሻሿን እያስተካከለች።

በስልክ ታስተረጉም የነበረችው ሴት መስመሯ ተቋርጦ፣ ጣጣው ሁሉ የአሥራ አራት ዓመቷ የዓሊማ ልጅ ሰልሳቢል ላይ ወደቀ። የቤት ምደባ ሠራተኛዋ ከሕንጻቸው ሥር ባለው አዳራሽ ላፕቶፗን ከፍታ መልስ ትጠብቃለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ከከተማው አጠገብ እንድትቆዩ የሚያስገድድ የጤና ችግር አለ? ከሌለ የደረሳችሁ ከከተማው ርቆ ያለው ዋይንድሃም ቬል ነው።

አሁን የሚኖሩበት ኬንሲንግተን መቅረትማ አይታሰብም። አዲሱ አውራ ጎዳና ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆታል፤ መስጊዱም ትምህርት ቤቱም ከመንገዱ አጥር ማዶ ቀርተዋል። አሁን ደግሞ የመፍረስ ተራው የእነሱ ሕንጻ ነው። ሶማሌው፣ ሱዳኑ፣ ሐበሻው፣ ሃያ ዓመት አብሮ የኖረው ሁሉ እየተበተነ ነው።

«መንገድ ባማራቸው ቁጥር የሚታያቸው የጥቁር ሰፈር ነው!» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ፈጡማ። ተራቸውን እየጠበቁ አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

ችግሩም የእሳቸው እዚያ መቀመጥ ነው። ዓሊማ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷን ትታጠባለች፤ ሆስፒታሉ ከዚህ በባቡር ሁለት ፌርማታ ነው። ሰፈሩ ግን ለጽዳት ሥራ ክሊኒንግ ሺፍት የምትገባ ይመስለዋል። ገመናዬን ሰው አይወቅብኝ ብላ ልጇን ቃል አስገብታታለች።

«እማ፣ ከዋይንድሃም ቬል እኮ...»

«ዝም በይ! ሰው ፊት?»

ያ አላህ! ብትናገር እናቷን ማዋረድ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ እናቷን ማጣት። ሰልሳቢል በመንገዱም በእናቷም ተናደደች። በእንግሊዝኛ ብትናገርም መደበቂያ የለውም። የኩላሊት እጥበቱ ዳያሊሲስ ሲባል እትዬ ፈጡማ ያውቁታል፤ ባላቸው እዚያው እየተመላለሱ ነው የሞቱት።

«እና፣ ምንም የለም ብዬ ልጻፍ?» አለች ሠራተኛዋ።

«አትጻፊ» አለች ሰልሳቢል። «እናቴ ዳያሊሲስ ላይ ናት።»

እትዬ ፈጡማ ክው አሉ። ዓሊማ የልጇን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«የሐኪም ደብዳቤ ካላችሁ ቀረብ የሚለውን ሰንሻይንን ልሞክርላችሁ» አለች ሠራተኛዋ። «ቃል ግን አልገባም።»

«አለን። ከቤት ላምጣው።»

«ሰልሳቢል፣ ቁጭ በይ ብዬሻለሁ!» አለች ዓሊማ።

ሰልሳቢል ወደ እናቷ አልዞረችም። ዓይኗን ካየች እንደምትቀመጥ ታውቃለች። ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወደ ደረጃው ሄደች።