ነጩ መስመር

መርማሪዋ ስትደርስ ሸክላው አሁንም ይሽከረከር ነበር። ዘፈኖቹ አልቀው መርፌዋ በመጨረሻው ክብ ላይ እዚያው በዚያው ትዞራለች። ሽማግሌው ከማጫወቻው ፊት ለፊት፣ ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቀርተዋል። ማጫወቻውን እንኳ ለማጥፋት የደፈረ የለም።

«ልባቸው ነው» አለ ሐኪሙ ዕቃውን እየሰበሰበ። «የቆየ ሕመም ነው፤ አምናም ለዚሁ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የሚስታቸውን ዘፈን እየሰሙ በሰላም ያረፉ ይመስለኛል።»

«በሰላም አላረፈም» አለች ልጃቸው ከበሩ ጋ። አስተማሪ ናት፤ የጠመኔው ብናኝ ገና ከእጇ አልለቀቀም። «መድኃኒቱ ከሸሚዝ ኪሱ ተለይቶ አያውቅም። ዛሬ ግን እዚያ ነው።»

ጠርሙሷ በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ከወንበሩ ሰባት እርምጃ ርቃ፣ ክዳኗ እንደተገጠመ ቁጭ ብላለች። መርማሪዋ እርምጃውን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።

የመርማሪዋ ግራ ጆሮ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም። ስለዚህ ሰው ሲያወራ አፉን ትታ እጁን ማየት ልማዷ ነው። ባልደረቦቿ በዚህ ይቀልዱባታል፤ እሷም ጥፋተኛውን ይዛ በመጣች ቁጥር ብድሯን ትመልሳለች። ክፍሉን ዞረችው። ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ የተሸፈነ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ውስጥ የሚጮኽ ሰው ወደ ውጭ አይሰማም። ጎንበስ ብላ ማጫወቻውን አየች። መርፌዋን የተሸከመው ክንድ በቆመባት አጭር ምሰሶ ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተቀብተዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ክንዱ ነጩ ላይ ነበር። ምን እንደሆነ ባይገባትም ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችው።

ከወንበሩ ሥር አንድ ደብተር ወድቆ አገኘች።

«ሁለት ሸክላ ሲያወዳድር ነው የሰነበተው» አለች ልጅቱ። እናቷ በሕይወቷ ያሳተመችው ሸክላ አንድ ብቻ ነው፤ በወጣ በጥቂት ወሩ ሞተች። በዚህ ወር ደግሞ አንድ አሳታሚ በወፍራም ሸክላ እንደገና አሳትሞታል። ሽማግሌው አሮጌውንና አዲሱን ዘፈን በዘፈን እያዳመጡ፣ ልዩነቱን ግራና ቀኝ ከፍለው ይጽፉ ነበር። የመጨረሻው መስመር በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈ ነው፤ «አዲሱ፣ ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው ዘፈን። ጣቷ።»

ልጅቱ አነበበችውና ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«የእኔ ጣት ነው። እናቴ በሞተች ሳምንት፣ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ድምጿ ከዚህ ሲወጣ ልይዛት ብዬ ጣቴን ሰደድኩ። መርፌው ተንሸራቶ ሸክላውን ጫረው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሦስት ጊዜ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። አባዬ አልተቆጣኝም። ‹አንቺም ከእናትሽ ጋር ገባሽ› ነው ያለኝ።»

መርማሪዋ ደብተሩን ዘጋችው። ሐዘን ፊት መቆም ሃያ ዓመት ሠርታም አልለመደችውም።

በማግስቱ የሟቹን ታናሽ ወንድም አነጋገረች። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ሐዘኑ ግን አሳንሷቸዋል።

«ስምንት ሰዓት ላይ ሲገቡ የትኛው ነበር የሚጫወተው?»

«አዲሱ። አውጥቶ አስያዘኝ፤ እንደ ሰሃን ይከብዳል። ‹ና ልዩነቱን ስማ› አለኝ። እኔ እንኳን ልዩነቱን፣ በየት በኩል እንደሚጫወትም አላውቅ። ‹ደንቆሮ› ብሎ ሰደበኝ፤ ስቄ ወጣሁ። አሁን የቀረኝ ያ ስድብ ነው።»

መርማሪዋ ስትደርስ ይሽከረከር የነበረው ግን አሮጌው ነው፤ አዲሱ ከነሽፋኑ ከቤቱ ጠፍቷል።

አሳታሚው ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ መለሰላት። «ከዋናው ቴፕ የተቀዳ ነው፤ ሽፋኑ ላይም ጽፈነዋል።»

«ቴፑን በዓይንዎ አይተውታል?»

ቆም አለ። «ካርቶኑን አይቻለሁ። ቴፑ በአደራ ያለው ‹እጄ› ጋ ነው፤ ቀድቶ ያመጣልኝም እሱ ነው። የሽማግሌው ተማሪ እኮ ነው። እሱን ያላመንኩ ማንን ልመን?»

‹እጄ› ሽማግሌው እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ለተማሪያቸው ያወጡለት ስም ነው። መርማሪዋ የሚሠራበት ጥገና ቤት ስትገባ ከአንድ አሮጌ ራዲዮ ሆድ ውስጥ ፀጉር የመሰለች ሽቦ ይበይዳል። ዓይኑ አብጧል፤ እጁ ግን ዝንፍ አይልም።

«ሁለቱ መስመሮች ምንድን ናቸው?» አለችው።

«አዲሱ ወፍራም ስለሆነ ክንዱ ከፍ ይላል፤ ቀዩ ለእሱ ነው። አሮጌው ስስ ነው፤ ነጩ ላይ ይወርዳል። ጋሼ ክንዱን የምታነሳ የምታወርደውን ብሎን ማዞር አይችሉም ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ሄጄ ለአዲሱ ከፍ አደረግኩላቸውና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«አልሄድኩም።» መበየጃውን አስቀምጦ ፊቱን ሸፈነ። «ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

ለቅሶው የውሸት አልነበረም። መርማሪዋን ያስቸገራትም ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አራቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አሳታሚው ከአዲሱ ሸክላ አንድ ሌላ ቅጂ ይዞ እንዲመጣ ነግራው ነበር።

«ለዚህኛው አስተካክልልኝ» አለችው ‹እጄን›።

ከኪሱ የቁልፍ መያዣውን አወጣ፤ ከቁልፎቹ መሐል ጥፍር የምታክል መፍቻ መርጦ ክንዱን ከነጩ ወደ ቀዩ ከፍ አደረገው። ትንፋሽ እስኪሳብ አልፈጀበትም።

«ይህች መፍቻ ሌላ ሰው ጋ አለች?»

«የለችም። ጋሼ በሚንቀጠቀጥ እጄ እንዳልነካካው ብለው ለእኔ ሰጡኝ» አለ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው እጁ ባለበት የቀረው።

ሸክላው ተጫወተ። የሴትዮዋ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ ሲደርስ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ። አሳታሚው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«የምሰማው በአንድ ጆሮ ነው» አለች መርማሪዋ፤ «እስከ ሦስት ለመቁጠር ግን ይበቃኛል። ቴፕ ላይ የሕፃን ጣት ምን ይሠራል? ይህ የተቀዳው ከዚህ ቤት ሸክላ ነው። ሽማግሌው የሰሙትም ይህንን ነው። አምና ሆስፒታል ሲተኙ ቤቱን የሚጠብቀው ማን ነበር?»

«እሱ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

«ስምንት ሰዓት ላይ አዲሱ ይጫወት ስለነበር ክንዱ ቀዩ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ ሳየው ግን ነጩ ላይ ነው። ሽማግሌው ማዞር አይችሉም። ወንድማቸው ብሎኗ የት እንዳለችም አያውቁም። ልጃቸው ሞታቸው ተነግሯት እስክትመጣ ድረስ ከአርባ ተማሪ ጋር ክፍል ውስጥ ነበረች። አሳታሚው ቢመጣም መፍቻ የለውም። መፍቻዋ አንዲት ናት።» ወደ ‹እጄ› ዞረች። «አዲሱን ወስደህ አሮጌውን ያጫወትከው፣ ሰው ሁሉ በሰላም ሞቱ እንዲል ነው። ክንዱን ቀዩ ላይ ትተኸው ብትወጣ ማን ያውቅህ ነበር? ለምን አወረድከው?»

‹እጄ› መፍቻዋን እያየ ተናገረ።

«ቴፑን እርጥብ መጋዘን ውስጥ ረሳሁት፤ ሻገተ። ሌላ የለውም። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? የዚያን ቀን ጠሩኝ። ‹ልጄ፣ ቴፑ የት ነው?› አሉኝ። አልጮኹብኝም። ደረታቸውን ያዙ፤ ጠርሙሷ ከእጃቸው ወደቀች። አነሳኋት። ቀና ብለው አዩኝ። ነገም እንዲሁ ሲያዩኝ ታየኝ፤ እጄ አልዘረጋ አለኝ። ጠርሙሷን ስወጣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት።»

«ክንዱንስ?»

«ከፍ እንዳለ ባጫውተው ድምጿ ይበላሻል። እሷን እንደዚያ ትቻት መሄድ አልቻልኩም።»

«አባቴንስ?» አለች ልጅቱ።

 ፖሊሶቹ ገብተው ‹እጄን› እጁን ከፊት ለፊቱ አሰሩት።

ልጅቱ አሮጌውን ሸክላ ከሽፋኑ አወጣች። ክንዱ አሁንም ቀዩ ላይ ነው። ሳታየው እጇን ዘረጋችለት፤ በታሰረ እጁ መፍቻዋን መዳፏ ላይ አኖረላት። ብሎኗን አገኘቻት፤ ወዴት እንደምትዞር ግን አላወቀችም። 

«ወደ ግራ» አለ ‹እጄ› ከበሩ ላይ። «ቀስ ብለሽ። ነጩ ጋ ስትደርሺ አቁሚ።»

ሌላ የሚያሳያት ሰው ስላልነበረ እንዳላት አደረገች። መርፌዋ ወረደች፤ የእናቷ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። መርማሪዋ ደህናውን ጆሮዋን ወደ ማጫወቻው አዞረች። ፖሊሶቹም ‹እጄን› እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ፤ ሦስት ቀን ያላለቀሰችው ልጅ ያን ጊዜ አለቀሰች።